የስንቅነሽ ድንች

ነርሷ ከወረቀት ስም እየመረጠች
ሩዙን ሰረዘች፣ ፓስታውን ሰረዘች፤
ድንቹ ላይ ስትደርስ ስንቅነሽ ሳቀች፦
«እሱንስ ተዪልኝ፣ የሐረርጌ ልጅ ነኝ፣
የአለማያ ድንች ነው ያሳደገኝ።»
ነርሷ አልሳቀችም። ደግማ አሰመረች፤
እስክሪብቶው ዘልቆ
ወረቀቱን ቀደደ።

እኔ በሸመንደፈር ፍሬን ያዥ ነበርኩ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ጅቡቲ ተመላለስኩ፤
በሦስት ድርብ ሳህን፣ በጨርቅ የታሰረ፣
የስንቅነሽ ምሳ ጉልበቴ ላይ ነበረ።
ከላይ ጥብስ፣ ከመሃል ቃሪያ በሎሚ፣
ከታች ቅቤ የጠጣ የተፈጨ ድንች፤
አይሻ ስንደርስ እንኳ ለብ እንዳለ ነው።
ክዳኑን ስከፍተው ባልደረቦቼ
«ሚስት መች አገባህ፣
ስንቅ ነው ያገባኸው» እያሉ ይስቃሉ።

እኔ እንቁላል እንኳ ጠብሼ አላውቅም።

ዛሬ ግን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣
ደቻቱን አቋረጥኩ በአሸዋው ዳር ዳር።
ውኃ የለው ወንዙ፣ ፍየል ተኝቶበታል።
ቀፊራ ላይ ኢፍቱ ጆንያዋን ፈታች፤
በቅጠሉ የታቀፈ፣ ነጭ፣
የአራስ ልጅ ራስ የሚያህል አወጣች።
«አበባ ጎመን ነው፤ ለሆቴል ነው 'ምሸጠው፤
አንተ ደግሞ ሽማግሌው ምን ልታደርገው?»
«ለሚስቴ» ስላት አፏን በሻሿ ይዛ፣
«አበባ? በዚህ ዕድሜ?»
ሁለት መዝና አሥር ብር ቀነሰችልኝ።

የመጀመሪያው ራስ ሾርባ ሆኖ ቀረ።
ጎረቤቴ ዋበሪ፣ የድሮ የሆቴል ወጥ ቤት፣
በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ተቆጣ፦
«ወንድሜ፣ ጠላትህ ውኃው ነው፤ አታብዛው፤
ቢላ ሲገባለት አውጣው፣ አጥልለው፣
በንጹሕ ጨርቅ አድርገህ ጨምቀው፣ ጨምቀው፤
ባቡር ያቆምክበት እጅህ የት ሄደ?»

ጨመቅኩ።
ቁልቁለት ሲይዘን የፍሬኑን ጎማ
እንደማዞረው፣ ጥርሴን ነክሼ፤
ጠብ አለ፣ ጠብ አለ፤
ጨርቁ ውስጥ የቀረው ቡጢዬን አከለ።
ያን የሚያህል ራስ!
ለካ ግማሹ ውኃ።

ነጭ ሽንኩርት ሦስት ፍሬ፣ በቅቤ ያበጠ፣
የወተቱ ስልባቦት፣ ሁለት ማንኪያ ሙሉ፣
ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው በጣት ጫፍ
(ሐኪሙ ጨውም ላይ ዓይኑን ጥሏልና)።
በእንጨት ማማሰያ መታሁት፣ መታሁት፤
መጀመሪያ አሸዋ፣
ቀጥሎ አይብ፣
ኋላ ዝም አለ።
ነገር ሲለሰልስ ድምፁ ነው 'ሚጠፋው፤
ይኼን በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ ሰማሁ።

በዚያው በድሮው ሳህን፣ ጎኑ በተጨረመተው፣
ከታችኛው ድርብ ሞልቼ አቀረብኩላት።
«ድንች ነው» አልኳት።
ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም፤
አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤
በደጅ ባጃጅ አለፈ፤
ሌላ ማንኪያ ደገመች።
«ውሸታም» አለችኝ።
«ድንች አፍ ይሞላል፣ ይኼ አፍ ላይ ይሸሻል።
በስሙ ጥራልኝ፤ ድንችን አታንሳብኝ፤
እሱን ቀብሬዋለሁ።»

«አበባ ጎመን» አልኩ።
«አበባ?» አለችኝ።
«ጎመን!» አልኩ ቶሎ ብዬ።
ነርሷ ፊት እንደሳቀችው፣ ከዚያም አብልጣ፣
ማንኪያዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

ሲመሽ ጣቷን ወግታ መለኪያው ላይ ነካች፤
መነጽሬን ስፈልግ ቁጥሩ ጠፋ፤
እሷም አልነገረችኝ።
ከድስቱ የተረፈውን ለዋበሪ ብላ
በሳህኑ አድርጋ፣ በጨርቅ አሰረችው፤
ያቺው ቋጠሮ፣ አንድ ጆሮዋ ረዘም ያለው፣
አይሻ ድረስ ፈትቼ የማላውቃት።
አጥሩ ጋ ሄጄ እስካቀብል ጠብቃ
ከበሩ ተጣራች፦
«ነገ ቀፊራ ስትወርድ ትልቁን ምረጥ።
ደግሞ...»
«ምን?»
«ጨው አንሶታል።»